አይጥ አንዴ የቀመሰችውን መርዝ ለምን አትደግመውም?

መምህር ዘቡሬ
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

እንዴት አመሻችሁ የአገሬ ልጆች። ቡሬ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሆርሞን ስናወራ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጎታችን ሥር መርዝ አደረግን። የመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድም የነካው የለም። ጎታውን ግን ቦርቡረው በቆሎውን ይበላሉ። ርቧቸው ከሆነ አፍንጫቸው ሥር ያለውን ዱቄት ትተው ለምን ጭቃ ይፍቃሉ?» አለኝ።

«ብልጥ ናቸዋ!» ብዬ ክፍሉን አስቄ አለፍኩ። ማታ ግን ከነከነኝ። ብልጥ ስል ምን ማለቴ ነው?

መማሪያ መጽሐፉ ስለ ረሃብ የሚለው ሁለት መስመር ነው፤ «ሃይፖታላመስ ረሃብንና ጥምን ይቆጣጠራል» ብሎ ያልፋል (ሃይፖታላመስ አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ናት)። እኔ የምጨምርበት በተማሪነቴ የተማርኩትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን የአይጥን ሃይፖታላመስ መሀል አካባቢ ሲጎዱት አይጧ ድቡልቡል እስክትል ወፈረች። በ1951 ደግሞ አናንድና ብሮቤክ ጎንና ጎኑን ሲጎዱ ምግብ ፊቷ ተቀምጦ አልበላም አለች። ስለዚህ አንዱ የጥጋብ፣ ሌላው የረሃብ ማዕከል ነው እያልኩ እስከ ዛሬ አስተምራለሁ።

አሁን ሳነብ ግን «ማዕከል» የሚለው ቀርቶ ተቀባይ፣ ተቀባይ ነው የሚሉት። ዋይ1፣ ዋይ5፣ ኤምሲ4… ዞረብኝ። የሚያውቅ ካለ በሰው ቋንቋ ያስረዳኝ። ተማሪው ሐሙስ መልስ ይጠብቃል።


ድንቢጥ
ሰኞ፣ ማታ 2፡31

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ናትና ልመስክር መጣሁ። እንዳያችሁት ስሜም ድንቢጥ ነው። አልበላችም፣ አልሰረቀችም፣ ጎታው ራሱ ነው የተበሳው 😄


አራሹ ከደንበጫ
ሰኞ፣ ማታ 3፡04

(ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።) መምህር፣ እኛም ጋ ያው ነው። ያን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጥቁር ዱቄት ገዝቼ በበቆሎ ዱቄት ለወስኩት፣ ኑግም ጠብ አደረግሁበት። አንድ ቀን ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብለው አላዩትም። ጭራሽ የባለቤቴ ሁለት ዶሮ ነው የሞተው፣ እሱንም እስከ ዛሬ ትነሳብኛለች። እኔ የሚመስለኝ አይጦቹ ቀምሰው ያስመልሱታል። ደግሞስ ለሰው ረሃብ የሚያጠፋ መርፌ ተገኘ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለአይጥ አይሆንም? ካልበላች እኮ መርዝም አያሻኝ።


ቢቸናዊት
ማክሰኞ፣ ንጋት 11፡20

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ። ቢቸና ተወልጄ አሁን ውጭ ነኝ። ማስተርሴን ስሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የአይጥ ምግብ መመዘን ነበር። እናቴ በስልክ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ስትለኝ «አይጥ እቀልባለሁ» አልኳት። «ውይ! እኛ ቤት ያሉትን ትተሽ?» አለችኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትንሽ አፍ አለኝ።

በቅድሚያ አንድ ነገር። ፈረንጅ ለትንሿና ለትልቋ አይጥ ሁለት ስም አለው፤ እኛ ሁለቱንም አይጥ ነው የምንለው። እኔም «ትንሿ»፣ «ትልቋ» እያልኩ እለያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ገሚሱ ሙከራ በአንዷ፣ ገሚሱ በሌላዋ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ተቀባይ። ፔፕታይድ ማለት ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተሰካክተው የሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው፤ አንዱ የአንጎል ሴል ወደ ሌላው የሚልከው መልእክተኛ በሉት። ተቀባዩ ደግሞ ሴሉ ደጃፍ ላይ ያለ ዘበኛ ነው። መልእክተኛው እንደደረሰ ዘበኛው ወደ ውስጥ ይጮኻል። ምን ብሎ እንደሚጮኽ የሚወስነው ግን ዘበኛው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ይያዝልኝ።

ኒውሮፔፕታይድ ዋይን እንውሰድ። በ1982 ስዊድን፣ ካሮሊንስካ በሚባል ተቋም ውስጥ ታተሞቶና ሙት የሚባሉ ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል ያወጡት ነው። 36 አሚኖ አሲድ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ታይሮሲን ስላለና የታይሮሲን ምልክት ዋይ ፊደል ስለሆነ ስሙን ከዚያ አገኘ። በ1984 በትልቋ አይጥ አንጎል ውስጥ ጠብ ሲያደርጉት፣ በልታ የጠገበችው ተነስታ እንደ ጾም ፈቺ መብላት ጀመረች። ተቀባዮቹ ዋይ1፣ ዋይ2፣ ዋይ4፣ ዋይ5 ይባላሉ። ዋይ1 እና ዋይ5 «ብዪ» ብለው ይጮኻሉ። ዋይ2 በብዛት የሚገኘው መልእክቱን በላከው ሴል በራሱ ላይ ነው፤ «ላክህ፣ አሁን ይብቃህ» የሚል ነው። ከምግብ በኋላ አንጀት የሚለቀው ፒዋይዋይ የሚባል ዘመዱ በዚሁ በዋይ2 በኩል ገብቶ የረሃቡን ሴል (ኒውሮፔፕታይድ ዋይን የሚልከውን) ዝም ያሰኘዋል። መልእክተኞቹ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ደጃፍ ላይ ብዪ፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ተዪ ይሆናል።

በወዲያኛው በኩል አልፋ ኤምኤስኤች አለ፤ 13 አሚኖ አሲድ። ሜላኖኮርቲን 4 የሚባለው ተቀባይ (ኤምሲ4 ያሉት እሱ ነው) ላይ ሲደርስ «ጠግበሻል» ይላል። በ1997 ይህ ተቀባይ የሌላት ትንሽ አይጥ ተሠርታ ነበር። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ትወፍራለች። አሁን ተንኮሉን እዩልኝ፤ ያ ኒውሮፔፕታይድ ዋይን የሚልከው ሴል ኤጂአርፒ የሚባል ሁለተኛ ፔፕታይድም ይልካል። እሱ ደግሞ ሜላኖኮርቲን 4 ላይ ሄዶ ይቀመጥና አፉን ያፍነዋል። አንድ ሴል በአንድ ጊዜ «ብዪ» ይላል፣ «በቃሽ» የሚለውንም አፍ ይይዛል። ሌላ ሦስተኛ ነገርም ይለቃል፣ ጋባ የሚባል፤ እሱ ፔፕታይድ አይደለም፣ ግን ወደ መርዙ ስንመጣ ጌታው እሱ ነው።

ሌፕቲንን ለዛሬ ባልፈው ደስ ይለኛል፤ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል። በአጭሩ፣ ከስብ የሚወጣ መልእክተኛ ነው፣ ጂኑን በ1994 የፍሪድማን ቡድን አገኘው፤ ይህን የረሃብ ሴል ያዳክማል፣ የጥጋቡን ያበረታል።

ለሥራ ልወጣ ነው። የመርዙን ማታ።


ፋርማሲስቱ (ደብረ ማርቆስ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

አራሹ የሰሙት መርፌ ሴማግሉታይድ ይባላል፤ በ2017 ለስኳር፣ በ2021 ለውፍረት በአሜሪካ የተፈቀደ። የሚሠራው ጂኤልፒ-1 የሚባለውን ፔፕታይድ በሚቀበለው ተቀባይ ላይ ነው። እዚህም አይጥ አለችበት፤ በ1996 ጂኤልፒ-1ን በትልቋ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲጨምሩት መብላት ቀነሰች። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት ደግሞ፣ በ2005 የተፈቀደው፣ የተቀዳው ጊላ ከምትባል የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት መርዝ ነው። መርዝ መድኃኒት ሆነ፤ እናንተ ደግሞ መድኃኒቱን መልሳችሁ መርዝ ልታደርጉት!

ዋጋውን ግን ተዉት። ለአንድ አይጥ በምትገዙት መርፌ አንድ በሬ ትገዛላችሁ።


አራሹ ከደንበጫ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡45

በሬ ካልከኝስ አይጦቹ ይብሉ።


ሰከላ ምንጩ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ይቅርታ ከመስመር ልውጣ። አሁን ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እንቆያለን። የሚገርመኝ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንጀቴ ይጮኻል፣ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ምንም አይሰማኝም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት መራቡ ይቀራል፣ 8 ሰዓት ሲል ይጀምረኛል። ሆዴ ባዶነቱ ያው፣ ታዲያ ረሃቡ ሰዓት አይቶ የሚመጣው እንዴት ነው? አያቴ «ሆድ እንዳስለመዱት ነው» ይሉ ነበር።


ቢቸናዊት
ማክሰኞ፣ ሌሊት 5፡30

ሰከላ፣ አያትህ ልክ ናቸው። ግሬሊን የሚባል 28 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ አለ፤ በ1999 ጃፓኖቹ ኮጂማና ካንጋዋ ከትልቋ አይጥ ጨጓራ አገኙት። የሚያስቀው ተቀባዩ ከሦስት ዓመት በፊት ታውቆ ነበር፤ ዘበኛው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መልእክተኛ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። ግሬሊን የረሃቡን ሴል ይቀሰቅሳል፤ ደም ውስጥ ከፍ የሚለውም በተለመደው የምግብ ሰዓት ዋዜማ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ይወርዳል። ትልቋን አይጥ በቀን አንዴ ብቻ በተወሰነ ሰዓት ብትቀልባት፣ ጥቂት ቀን ቆይታ ሰዓቱ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀረው መንጎራደድ ትጀምራለች። ያንተ 8 ሰዓት ይኸው ነው።

አሁን ወደ መርዙ። አያ አራሹ፣ አይጥ አታስመልስም። አትችልም። ትንሿም ትልቋም የማስመለስ ነገር አልተሰጣቸውም፤ የገባ ገባ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ (ያ ጥቁር ዱቄትዎ እሱ ነው) ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ይሆናል። ብዙ የበላችው ትሞታለች። ጫፉን የቀመሰችው ታማ ትድናለች፤ ችግሩ ያቺ ናት።

አይጥ አዲስ ምግብ ስታገኝ አትሰፍርበትም። እኔ በቀይ መብራት ሌሊት ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ (ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያቸውም፤ ቀን ስለሚተኙ እኛም ሌሊት እንሠራለን)። የለመደችውን የተጨመቀ ምግብ ስሰጣት ሮጣ በሁለት እጇ አንስታ እንደ ጥብስ እሸት እያዞረች ታነክተዋለች፤ ፍርፋሪው በወንፊቱ ይወርዳል። ትንሿ አይጥ በቀን የምትበላው 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ያንን ፍርፋሪ ለቅሜ ካልመዘንኩ ቁጥሬ ውሸት ነበር። አዲስ ነገር ስሰጣት ግን አንገቷን እንደ ላስቲክ ስባ፣ የኋላ እግሯን ለመሸሽ አዘጋጅታ ታሸታለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የጥፍር ታህል ትቆርሳለች። በዚያ ሌሊት የምትበላው ያንን ብቻ ነው።

ከዚያ ካመማትስ? በ1955 ጋርሲያ የሚባል ሰው ትልልቅ አይጦችን የሳካሪን ጣፋጭ ውኃ እያጠጣ በጨረር አሳመማቸው። ከዚያ ወዲያ ጣፋጩን ውኃ ሸሹት። በኋላ እንደታየው ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ቢመጣም የምትወነጅለው የቀመሰችውን አዲስ ነገር ነው። በላምባ ዲና ብናስተምራት ይህን ያህል አታስታውስም ነበር።

እና ይህ ነገር አንጎሏ ውስጥ የት ነው ያለው? ወደ አንጎል ግንድ ወረድ ስንል ፓራብራኪያል የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ሲጂአርፒ የሚባል ፔፕታይድ ያላቸው ሴሎች አሉ። አንጀት ሲታመም፣ መርዝ ሲገባ፣ ከልክ በላይ ሲጠገብም ይነሳሉ። የፓልሚተር ቡድን በ2013 በትንሿ አይጥ ላይ እነዚህን ሲቀሰቅሷቸው የራባት አይጥ ምግብ ተወች። ቆየት ብሎ ደግሞ ሳይታመሙም ሴሎቹን ከአንድ ጣዕም ጋር አብሮ በመቀስቀስ ብቻ ያንን ጣዕም እንድትጠላ ማድረግ ተቻለ። መርዝ የለም፣ ሕመም የለም፤ ሴሉ ብቻ ነቃ፣ እሷም ጠላችው።

እና እነዚህን ሴሎች በሰላሙ ጊዜ ዝም የሚያሰኛቸው ማን ይመስላችኋል? ያ የረሃብ ሴል፣ በጋባው! በ2005 የረሃብ ሴሎቹን ካደገች ትንሽ አይጥ ላይ ሲያጠፉባት መብላት አቆመች፤ ሰው ካላገዛት ትሞታለች። ለምን ሲባል፣ ፓራብራኪያል ላይ የሚይዘው ጠፋና ማቅለሽለሹ ልጓም በጠሰ። ጋባን የሚተካ መድኃኒት እዚያው ቦታ ላይ ጠብ ሲያደርጉላት መብላቷን ቀጠለች። እኔ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ሳነብ እኩለ ሌሊት ነበር፣ ተነስቼ ኮሪደሩን ሁለቴ ዞርኩት።

ስለዚህ ለተማሪዎ እንዲህ ይበሉልኝ፤ ጎታው ሥር ያለችው አይጥ አንጎል ውስጥ ረሃብና ማቅለሽለሽ ገመድ ይጓተታሉ። ረሃብ ሲበረታ ማቅለሽለሽን ይይዘዋል። እናንተ ቤት ግን አጠገቡ አንድ ጎታ ሙሉ በቆሎ አለ፣ ረሃቧ ሩቅ አይደርስም። የጠገበች አይጥ ደግሞ ለመጠራጠር ጊዜ አላት።


መምህር ዘቡሬ
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡40

እናመሰግናለን እታለም። ሳነበው ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። አንድ ጥያቄ፤ ረሃቡ በዚህ በኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከሆነ የሚነዳው፣ ጂኑን ነቅለው ቢያወጡት አይጧ አትበላማ? ያ ከሆነ የአያ አራሹ ሐሳብ ቀልድ አይደለም።


ቢቸናዊት
ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

መምህር፣ ይህን ስላነሱ ተባረኩ። ሁሉም ያንኑ ነበር የጠበቀው። በ1996 ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ጨርሶ የሌላት ትንሽ አይጥ ተፈጠረች። ተጠባበቁ። በላች። እንደ ማንኛዋም አይጥ በላች፣ አደገች። ዋይ1ን አጠፉ፣ ዋይ5ን አጠፉ፤ የከሳ የለም፣ እንዲያውም እያደር ወፈር አሉ። በሰውም ዋይ5ን የሚዘጋ መድኃኒት ዓመት ሙሉ ተሞክሮ የተገኘው የክብደት ቅነሳ የማይረባ ሆነና ቀረ።

እና ያ የ2005ቱ ሙከራ ሌላ ግማሽ አለው፣ ትናንት የዘለልኩት። የረሃብ ሴሎቹን ገና አራስ ሳለች ሲያጠፉባት ምንም አልሆነችም፤ እየበላች አደገች። አንጎሏ ገና ለጋ ስለሆነ ሌላ መንገድ ቀየሰ። ካደገች በኋላ ሲሆን ግን ያ መላ የለም።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት መብላት በአንድ ደጃፍ ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑን ነው። ሳይበላ የሚሞት ፍጥረት መብላትን ለአንድ ዘበኛ አደራ አይሰጥም። ስለዚህ አያ አራሹ፣ «ረሃብ የሚያጠፋ» የአይጥ መድኃኒት አይጠብቁ። አንዱን ደጃፍ ቢዘጉት በሌላው ትገባለች፣ እንደ ጎታዎ።


ድንቢጥ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡20

ልሞት ያለች አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የሚባለውስ? እሱም ተቀባይ አለው?


ፋርማሲስቱ (ደብረ ማርቆስ)
ረቡዕ፣ ማታ 4፡33

አለው ባይባልም ምክንያት አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው። በ2000 ኦክስፎርዶች እንዳሳዩት የያዛት አይጥ የድመት ሽንት ሽታ መፍራት ትተዋለች። ተረቱን ያወጡት አባቶች ሳያውቁት ትክክል ነበሩ።


ቢቸናዊት
ረቡዕ፣ ማታ 4፡51

ፋርማሲስቱ፣ ያ እውነት ነው፤ ግን ለድፍረት ተውሳክ የግድ አያስፈልግም። የረሃብ ሴሎቹ የነቁባት ትንሽ አይጥ የአዳኝ ሽታ ያለበት ቦታ ድረስ ገብታ ትበላለች፤ የጠገበችው ግን አትጠጋም። ረሃብ ማቅለሽለሽን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ፍርሃትንም ነው። በ2011 በብርሃን የሚነቁ አድርገው በሠሯቸው ሴሎች ላይ መብራት ሲያበሩ፣ ጠግባ የተኛች አይጥ በደቂቃዎች ውስጥ ተነስታ መስገብገብ ጀመረች። መብራቱን ሲያጠፉት ተወች።

በ2015 የታየው ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። የራባት አይጥ ምግቡን ገና ስታየው፣ አንድም ጉርሻ ሳትቀምስ፣ የረሃብ ሴሎቿ ጸጥ ይላሉ። መሶቡ ሲከፈት ቀድሞ የሚረጋው ነገር አለ፣ አይደል? እሱን በሽቦ ለክተው አዩት። ለምን ቀድሞ እንደሚረጋ ገና ይከራከሩበታል።


አራሹ ከደንበጫ
ረቡዕ፣ ማታ 5፡10

አንቺ ልጅ፣ እድሜ ይስጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አያስመልሳትም ብለሻል። ታዲያ ሲያቅለሸልሻት ምን ታደርጋለች? ጎታዬን የምትበላውስ እሱን ፈልጋ ይሆን? ጎታው ጭቃና እበት ነው።


ቢቸናዊት
ረቡዕ፣ ማታ 5፡25

አያ፣ ሳቄን አመጡብኝ፣ ግን ሊቅ ኖት! የታመመች ትልቅ አይጥ በእርግጥ ነጭ ሸክላ አፈር ትበላለች። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማቅለሽለሽን የምንለካውም በዚያ ነው፤ ካዮሊን የሚባል አፈር እናስቀምጥላታለን፣ ስንት ግራም እንደበላች እንመዝናለን። የፋርማሲስቱ የጂኤልፒ-1 መድኃኒቶች ሲሰጧትም አፈሩን ትበላለች፤ ሰውን የሚያቅለሸልሸው መርፌ እሷንም ያቅለሸልሻታል ማለት ነው።

የእርስዎን ጎታ ግን በቆሎው ነው የሚያስበሳት። ፍቃ ፍቃ ጭቃውን እታች ጥላው ካገኙት በቆሎውን እንጂ ጭቃውን አልፈለገችም።


አወያይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ክሩ ደስ ይላል፤ ግን ልብ በሉ። ስም በሌለው ፌስታል ተቋጥሮ ገበያ ላይ የሚሸጥ መርዝ አትግዙ። ዚንክ ፎስፋይድ ማርከሻ የለውም፤ ልጅ ያለበት ቤት እጅ የሚደርስበት ቦታ አታስቀምጡት። የነካውን ዕቃ ለምግብ አትመልሱ። ሰው ከነካው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ወተት አጠጡት» የሚለውን ሁለት አስተያየት አጥፍቻለሁ።


መምህር ዘቡሬ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡20

ዛሬ ክፍለ ጊዜው አለቀብኝ እንጂ ተማሪዎቹ አልለቀቁኝም ነበር። ፓራብራኪያል የሚለውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ያ ልጅ ደግሞ ሌላ ይዞ መጣ፤ «ያልቀመሱትስ? የሞቱትን አይተው ነው የተማሩት?» አለኝ። ዝም አልኩ። እታለም?


ቢቸናዊት
ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡00

ያንን ልጅ ያዙልኝ። ካናዳ ውስጥ ጌሌፍ የሚባል ተመራማሪ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። አይጥ የጓደኛዋን ትንፋሽ አሽታ ምን እንደበላች ታውቃለች፤ ያንኑ ምግብ ትመርጣለች። ጓደኛዋ ታማ ብትሆን እንኳ ምግቡን ከመሸሽ ይልቅ መረጠችው! ማለትም መልካሙን ከሌላ ትማራለች፣ ክፉውን ግን በራሷ ሆድ ነው የምትማረው። የማይነኩት አንድም ትንሽ ቀምሰው የተረፉት ናቸው፣ አንድም አዲስ ነገር ስለሚፈሩ ገና አልደፈሩትም።

ከዚህ ለአያ አራሹ የሚሆን ምክር ይወጣል። መርዙን መጀመሪያ አያድርጉ። ሦስት አራት ሌሊት መርዝ የሌለበትን ያንኑ ዱቄት በዚያው ቦታ ያስቀምጡ። አንዷ በልታ ስትመለስ ሌሎቹ ትንፋሿን ያሸታሉ። የለመዱት ጣዕም ሲሆን ይሰፍሩበታል፣ ኋላ ቢያማቸውም የለመዱትን ቶሎ አይወነጅሉም። ያን አሮጌ ቅልቅል ግን ይጣሉት፣ ስሙ ጠፍቷል፤ ኑጉን ትተው በሌላ ነገር ይለውሱት። ደግሞ ጎታውን መጀመሪያ ይምረጉት። ጠግበው ሲመጡ ሁሉም ነገር ይከብዳል።


አራሹ ከደንበጫ
ረቡዕ (በሳምንቱ)፣ ጠዋት 1፡30

ጎታውን መረግሁት። ዙሪያውን አመድ ነሰነስኩ፣ ዱካቸውን ልይ ብዬ። ለዶሮዎቹም ስል ሳህኑን ስባሪ እንስራ ደፋሁበት፣ አይጥ ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ተውኩለት።

የመጀመሪያው ሌሊት በዳጉሳ ዱቄት፣ መርዝ የለውም። አመዱ ላይ ዙሪያውን ዱካ ሞልቷል፤ እስከ ቀዳዳው ይመጣል፣ ይመለሳል። ዱቄቱ አልተነካም። «ይቺ ልጅ ቀልዳብናለች» አልኩ። ሁለተኛው ሌሊት ከዳር በኩል በጥፍር የተጫረ ይመስላል። ሦስተኛው ሌሊት ሳህኑ ተልሷል። አራተኛውም እንዲሁ፤ ባለቤቴ «አሁንማ ለአይጥም ትፈጭልኝ ጀመር» አለችኝ።

ትናንት ማታ መርዙን አደረግሁ። ዛሬ ንጋት ላይ እንስራውን ሳነሳ ከሥሩ ሁለት፣ ከጎታው ጀርባ ሦስት፣ ደጅ ቆሻሻው ላይ ሁለት። ሁሉንም ቀበርኳቸው። ዶሮ የሞተ የለም። ሳህኑ ላይ ግን ትንሽ ዱቄት ተርፏል፣ አመዱም ላይ ወደ ግድግዳው የሚሄድ የአንዲት ትንሽ ዱካ አለ። ቀምሳ ነው ወይስ አሽታ ነው የተመለሰችው፣ ልጄ?